ከመጨረሻው መዝሙር በኋላ

«ይኸን መዝሙር ከየት አገኘሽው? አንጀት ይበላል!» አሉ ቄስ አዛናው ከጋቢና ሆነው።

«ከጓደኛየ ነው፣ አባ» አለች ናፍቆት ከኋላ ወንበር። ይኸ የመጨረሻው መዝሙር ነው።

ሁዳዴ ሲገባ አባቷ አንለይ የሚኒባሱን ፍላሽ ሰጥቷት «ዘፈኑን አጥፊና መዝሙር ብቻ ጫኚበት» ብሏት ነበር። ዘፈኖቹን ከዚህም ከዚያም ስትለቅም ሁለት ዓመት ፈጅቶባታል፤ አንዱን ላጥፋ ብትል እጇ እምቢ አላት። መዝሙሮቹን ከፊት፣ ዘፈኖቹን ከኋላ አድርጋ ፍላሹን ጢም አድርጋ ሞላችውና ዛሬ ጠዋት መለሰችለት። «አጠፋሽው?» ሲላት «አዎ» አለች። የነፍስ አባቱን ቄስ አዛናውን የሚያማቸውን ጉልበት እንዲታጠቡ ዛሬውኑ እስከ ወንዛዬ ፍል ውኃ እንደሚያደርሳቸው መች አወቀችና!

የፈሩት ይደርሳል። ሐሙሲትን አልፈው ከአስፋልቱ ወጥተዋል። ቀጥሎ የሚመጣው ትከሻ አላስቀምጥ የሚል የሠርግ ዘፈን ነው። አባቷ በነፍስ አባቱ ፊት አንገቱን ሲደፋ ታያት። «ከመጀመሪያው ድገመው» ብትል ለዛሬ ታመልጣለች። ነገስ?

«አባየ፣ ንቀለው!»

«ምኑን?»

«ፍላሹን። ዘፈኖቹን አላጠፋኋቸውም። ዋሸሁህ።»

አንለይ መኪናውን ዳር አስያዘና አቆመ። ፍላሹን ሲነቅል በመስኮት ሊወረውረው ነው ብላ ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጥ ሸሚዙ ኪስ እየከተተው ነበር።

«ማጥፋቱ ከጨነቀሽ እስከ ፋሲካ እኔው አስቀምጥልሽ አልነበር?» አለ። «አሁንም አስቀምጥልሻለሁ። ሁለተኛ ግን እንዳትዋሽኝ።»

«እሽ፣ አባየ።» እፎይ አለች፤ በጾሙ መሀል አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

«ወይ ጉድ! ጉልበቴን ላስታምም ወጥቸ መንገድ ላይ ንስሐ ልቀበል?» ብለው ቄስ አዛናው ሳቁ። «ንስሐሽ ቀላል ነው። መዝሙሩን ስላስቋረጥሽን እኔ አወጣለሁ፣ ከአባትሽ ጋር ትቀበያለሽ።»

መኪናው ተንቀሳቀሰ። ቄስ አዛናው አወጡ፤ አንለይ ተቀበለ። ናፍቆት አባቷ ሲዘምር ሰምታ አታውቅም። ድምፁ ሻካራ ነው፤ ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ ይሰበራል፤ ቢሆንም አላፈረም። እሷም እየሳቀች ተቀበለች።

ቀስ ብላ ሞባይሏን አወጣችና መቅጃውን ከፈተች። ፍላሹ ላይ ቦታ የለም። ለአባቷ ድምፅ ቦታ እንዲለቅ ከፋሲካ በኋላ የሚጠፋውን ዘፈን ግን፣ ገና ወንዛዬ ሳይደርሱ መርጣ ጨረሰች።