አሥራ ሁለቱ ሴሎች

ኢንስፔክተር ሥርጉት ፈላና በር አጠገብ ወዳለው ግቢ ስትደርስ አንዋርን ከሥራ ክፍሉ አውጥተው አንሶላ አልብሰውት ነበር። ሰውነቱ ላይ ይህ ነው የሚባል ቃጠሎ የለም። የገደለው ጭሱ ነው። ሐሙስ ቀን፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ቀትር፣ ጎረቤት ሁሉ በሩን ከፍቶ በተቀመጠበት ሰዓት፣ የሠላሳ አራት ዓመት ጤነኛ ሰው ከመንገድ ስድስት እርምጃ ርቆ ታፍኖ ሞተ። ሥርጉት በሃያ ዓመት የፖሊስነት ሥራዋ ብዙ ሬሳ አይታለች፤ እንዲህ በከንቱ የሚሄድ ሰው ግን አሁንም ያናድዳታል።

አንዋር ተራ ብስክሌት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ሰው ነበር። ባትሪውንም ራሱ ይሠራል። ከተጋጨ የኤሌክትሪክ መኪና የወጡ፣ እንደ ደብተር የሳሱ፣ በብርማ ፎይል የታሸጉ ሴሎችን ይገዛና አሥራ ሁለቱን ጎን ለጎን ደርድሮ ያገናኛቸዋል። እያንዳንዱ ሴል ከአናቱ ሁለት የብረት ምላስ አለው፤ አንዱ አሉሚኒየም፣ ሌላው መዳብ። አሉሚኒየም በካውያ እሺ ብሎ አይበየድም። ስለዚህ የአንዱን ሴል ምላስ በጎረቤቱ ላይ ያጥፍና በሁለት የመዳብ ዘንጎች መካከል በብሎን ያጠብቀዋል። የሚሠራባት ክፍል አንድ በር ብቻ ነበራት። ባትሪው በሩ ሥር ሲፈነዳ እሱ ከወዲያኛው ጥግ ነበር።

ጣት ሁሉ የተቀሰረው ቡሽራ ላይ ነው። ቡሽራ የድሬ ጠያራ ገበሬ ልጅ፣ የአንዋር የልጅነት ጓደኛ ነው። ሴሎቹን ያመጣው እሱ፣ ረቡዕ ከሰዓት የመጨረሻዎቹን ብሎኖች ያጠበቀውም እሱ። የአንዋር ሚስት ዘይነባ ሬሳው ሳይታጠብ ስሙን ጠራች፤ ያገናኘው እሱ ነው፣ ባሌን የገደለው እሱ ነው አለች። ቡሽራ ታሰረ፤ ጓደኛውንም ሳይቀብር ቀረ። ነገሩ እንዲሁ ከሄደ ሦስት ልጆቹን በወህኒ ቤት አጥር አሻግሮ ሊያያቸው ነው።

ሥርጉት ጣቢያ ውስጥ ስታነጋግረው አልተከራከረም፤ ይህም ከልቅሶ ይልቅ አሳዘናት።

«ብሎኑን ያጠበቅኩት እኔ ነኝ። በቴስተር ለካነው፣ ትክክል ነበር። ግን ሞተ አይደል? ወላሂ፣ አሁን እጄን አላምነውም።»

ባትሪውን እንዴት እንዳስቀመጡት ጠየቀችው። ቡሽራም በየሴሉ መሐል ስስ ስፖንጅ እንዳለ፣ ሴል ቻርጅ ሲደረግ ትንሽ እንደሚያብጥ፣ ማበጫ ቦታ ካጣ ውስጡ እንደሚጎዳ አስረዳት። እንዳይበታተን አንዋር በአማቱ የመጽሐፍ መጭመቂያ መሐል ለዘብ አድርጎ ይዞታል። «ሳንቃ ለሳንቃ አሥር ሴንቲ። በማስመሪያ የለካሁት እኔ ነኝ፤ ከዚያ ቻርጅ ላይ አደረግነው» አላት።

ሁለተኛው የተጠረጠረ ሰው ጊደር መጋላ ገበያ ብስክሌት የሚጠግነው ባርኮት ነበር። ደንበኞቼን ወሰደብኝ ብሎ ከአንዋር ጋር ከተኳረፈ ሰንብቷል፤ «ያ ነገር አንድ ቀን ይፈነዳበታል» ማለቱንም የሰማ አለ። ባርኮት አልካደም። ሆኖም ረቡዕና ሐሙስ ከሱቁ እንዳልተነሳ ግማሹ ገበያ መሰከረለት፤ አፉ እንጂ እጁ እዚያ አልነበረም።

የዘይነባን አባት አው ዓብዱላሂን ሐዘን ቤቱ ውስጥ አገኘቻቸው። እዚያው ግቢ ውስጥ የሚኖሩ፣ አርባ ዓመት ቁርዓን ሲጠርዙ የቆዩ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ከደከመ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ከዚያ ወዲህ መርፌ አልጨበጡም። ሥርጉት ወረቀቶቿን መሐላቸው ባለው ሰሌን ላይ አስቀመጠች። ሽማግሌው እያወሩ ወረቀቶቹን በዳሰሳ ሰበሰቡ፣ ጠርዛቸውን አስተካከሉ፣ ከዚያም መዳፋቸውን ጫኑባቸው።

«ባትሪውን ነክተውት ያውቃሉ?»

«ኧረ በፍጹም፣ ልጄ። እኔ ኤሌክትሪክ እፈራለሁ።»

ሥርጉት ውሸት ስትሰማ ጆሮዋ ያሳክካታል። ያን ጊዜ አላሳከካትም። ሽማግሌው ስለ አማቻቸው ደግነት እያወሩ ወረቀቶቹን ሁለት ጊዜ ደግመው ጫኗቸው፤ ማድረጋቸውንም ያወቁት አይመስሉም። እሷ ግን አየች፤ ወጥታ በቀጥታ ወደተቃጠለችው ክፍል ሄደች።

መጭመቂያው ሁለት የወይራ ሳንቃዎችና በግራና በቀኝ የሚያጠብቋቸው ሁለት ወፋፍራም የእንጨት ብሎኖች ያሉት ነው። ላዩ ከስሏል። ሥርጉት ተንበርክካ በእጅ ባትሪዋ እያበራች ብሎኖቹን አንድ በአንድ አየች፤ ከዚያ ማስመሪያ አወጣች። ስትነሳ ጉልበቷ ላይ ያለውን ጥላሸት አላራገፈችም። ያወቀችውን ባላወቀች ኖሮ ደስ ይላት ነበር።

እሑድ ጠዋት ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበች። ቡሽራን ካቴናውን ፈትታ ይዛው መጣች፤ ዘይነባ ፊቷን አዞረችበት። ባርኮት ኮፍያውን አውልቆ ግድግዳ ተደገፈ። አው ዓብዱላሂ በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

«ሁላችሁም ያገናኘው ሰው ነው የገደለው አላችሁ» ብላ ጀመረች። «እኔም ከማገናኛው ጀመርኩ። ብሎን ላልቶ ቢሆን እሳቱ የሚነሳው እዚያው ነው፤ መዳቡን ይበላው፣ ይቦረቡረው ነበር። ዘንጎቹን ሁሉ አየሁ። ጠቁረዋል እንጂ አልተበሉም። ብሎኖቹ ዛሬም በካቻቪቴ አልፈታ ብለዋል። የተቀደዱት መሐል ያሉት ሴሎች ናቸው፤ እነሱም ከሆዳቸው። ቡሽራ፣ ሥራህ ጤነኛ ነበር።»

ቡሽራ መሬት መሬት አየ።

«ሆዳቸውን ምን ነካው? ከእንጨቱ ብሎን በሳንቃው ቀዳዳ ውስጥ ያለው ክፍል እሳት አላገኘውም፤ አልጠቆረም። ስለዚህ ባትሪው ሲፈነዳ ሳንቃዎቹ የት እንደነበሩ ይናገራል። ረቡዕ አሥር ሴንቲ ነበሩ። ሐሙስ ቀትር ላይ ዘጠኝ አይሞሉም። አንድ ሰው አጥብቋቸዋል፤ ቻርጅ ላይ ያሉት ሴሎችም ማበጫ አጡ።»

«ሆን ብሎ ነዋ» አለ ባርኮት።

«እኔም እንደዚያ ባስብ በቀለለኝ። ተንኮለኛ ሰው ይቸኩላል፤ አንዱን ወገን ጠምዝዞ ይሄዳል። እዚህ ሁለቱም ብሎኖች እኩል ወርደዋል። ቀዳዳው ውስጥ ደግሞ አዲስ ሰም አገኘሁ። ሰም የሚቀባ ሰው መሣሪያውን የሚወድ ነው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አው ዓብዱላሂ፣ የዚያን ቀን ጥያቄዬን አሳስቼ ነበር። መጭመቂያውን ነክተዋል?»

የሽማግሌው ፊት ለአፍታ በራ። የሚያውቁትን ነገር የጠየቃቸው ሰው ከጠፋ ቆይቷል።

«እንዴታ! ለሶላት በወጣሁ ቁጥር ከበሩ እጄን እሰድና በየወገኑ ሩብ ዙር አጠብቅለታለሁ። በመጭመቂያ የተያዘ ነገር እያደር ይላላል፤ ካላጠበቁት ይጣመማል። ዐስር፣ መግሪብ፣ ኢሻ፣ ሱብሂ፣ ዙሁር ልሄድ ስል ደግሞ…»

እጃቸው ጉልበታቸው ላይ እንዳለ ቀረ። ሥርጉት ብዙ ነፍሰ ገዳይ ፊት ለፊት ቆማለች፤ አንዳቸውም እንዲህ አንገቷን አላስደፏትም። ዝም ብትል ግን ቡሽራ እንደታሰረ ይቀራል።

«አንዋር አይንኩ አላለኝም» አሉ አው ዓብዱላሂ በመጨረሻ። «አንድ ቀን እንኳ። ቢለኝ እተው አልነበር?»

መልሱ የመጣው ከዘይነባ ነው፤ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር የተናገረችው።

«ብሏል፣ አባባ። ባለፈው ወር የሠራውን ባትሪ ጠብቆ አገኘውና መልሶ አላላው። ለአማቴ የራሳቸውን መሣሪያ አይንኩ ማለት ነውር ነው፣ አንቺ ልጃቸው ነሽ፣ ንገሪልኝ አለኝ። ነገርኳቸው አልኩት። ከዚያ ወዲህ አምኖኝ አይፈትሽም ነበር።»

«አልነገርሽኝም።»

«በማግስቱ ልነግርዎ ስመጣ ብሎኑን ሰም እየቀቡ ያንጎራጉሩ ነበር። በስድስት ዓመት ውስጥ እጅዎ ሥራ ሲያገኝ ያየሁት ያን ቀን ነው። ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ፣ ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ…» ዘይነባ ወደ ቡሽራ ቀና ለማለት ሞከረች፤ አልቻለችም። «ሬሳውን ሳይ ያገናኘው ይሁን ብዬ ነው የጮህኩት። እሱ ካልሆነ እኔ ነኝ።»

አው ዓብዱላሂ እጃቸውን ወደ ደከመው ዓይናቸው አስጠግተው የሰው እጅ እንደሚያይ ሰው አዩት።

«ከዚህ ቆርጠሽ ብትጥይው ይሻለኝ ነበር» አሉ።

ዘይነባ አፏን በሻሿ ይዛ አለቀሰች፤ ሊያባብላት የተነሳ ሰው የለም። ባርኮት ኮፍያውን እንደያዘ ቀስ ብሎ ወጣ። ሥርጉት የሚታሰር ሰው እንደሌለ ተናገረች፤ ለማን እንደተናገረች ግን ለራሷም አልታወቃት።

ቡሽራ ከቆመበት መጥቶ ሽማግሌው እግር ሥር በርከክ አለ። አራት ቀን ሙሉ ሊለው ያልተፈቀደለትን ቃል አሁን አለ።

«አላህ ይርሐመው፣ አባባ። ቀብሩ ላይ አልነበርኩም። የት እንዳስተኛችሁት አላውቅም።»

አው ዓብዱላሂ ያን እጃቸውን ዘረጉ፤ ቡሽራም ያዘው። ወደ መቃብሩ የሚወስደውን መንገድ ሽማግሌው እያሳዩት፣ እሱ እየመራቸው ወጡ። ዘይነባ ትንሽ ከቆየች በኋላ ተነስታ ከኋላቸው ሄደች፤ ልትደርስባቸው ግን አልደፈረችም።