ዘር አሸዋው የማያውቀው ጉዳት

ትናንት ማታ ጠርዙ የተሸረፈው ኩባያ ጠዋት ድኖ ነበር። ትርሲት ሻይዋን ቀዳችበት። ሁለት ካልሲ ደራርባ የአንዳርጌን የቆዳ ጫማ አጠለቀችና ማሰሪያውን ቁርጭምጭሚቷ ላይ አዙራ አጠበቀችው። ሻይዋን ቆማ ጨረሰች፣ የዳቦውን ፍርፋሪ በመስኮቱ ለቁራዎች በተነች፣ ወጣች።

ኩባያ፣ ጫማ፣ የበር እጀታ፣ ሁሉም ራሱን መጠገን ከጀመረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። የሚያልቅ ነገር የሚጫማ ከእሷ ሌላ ሰው የለም። በሥራ ቦታዋ ጫማውን አይተው የሚስቁ ነበሩ። እሷ «ለገደል ይመቻል» ብላ ታልፋቸዋለች። የማን እንደነበረ የሚያውቁት አይስቁም።

የምትሠራበት ደመና ደጅ ቀድሞ ገዳም ነበር። ምንጩ ሲደርቅ መነኮሳቱ ታቦታቸውን ይዘው ወደ ቆላው ወረዱ፤ ሕንፃው የተራራው የተፈጥሮና የታሪክ ሙዚየም እንዲሆን ግን ፈቀዱ። ስምምነቱ አጭር ነበር፦ በግቢው ያለው ሁሉ እንደነበረ ይቆያል። ትርሲት ንድፉን የጀመረችው ባሏ በሞተ በዓመቱ ሲሆን ከዚያ ወዲህ ሌላ ሥራ አልያዘችም። በመነኮሳቱ ማዕድ ቤት የተራራውን ወፎች ድምፅ አስገብታለች። ከድንጋይ ጎጆዎቹ አንዱን አቀዝቅዛዋለች፤ በተራራው ላይ መውረድ ያቆመው ውርጭ እዚያ ውስጥ በደጋው ተክል በጅብራ ቅጠል ላይ በየሌሊቱ ይወርዳል። የቀረው ቁልፉን መረከብ ነበር፤ ከመነኮሳቱ አንዱ አባ ክንፈ ገብርኤል ዛሬ ይዘውት ይመጣሉ።

የቴክኒክ ሠራተኛው ኑርልኝ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ እጁን እያወዛወዘ ጠራት።

«እትዬ ትርሲት፣ ደህና አደሩ? ይምጡ ይዩ! ዘር አሸዋው እኛ ስንተኛ እሱ ሲሠራ አድሯል። ደሞዝ አለመጠየቁ ነው የሚገርመኝ።»

ዘር አሸዋ እንደ ዱቄት የላመ ነው። እያንዳንዷ ቅንጣት ትንሽ ማሽን ናት፤ የተጎዳ ድንጋይ ላይ ታርፋለች፣ ዓይነቱን ታነባለች፣ ያንኑ ድንጋይ ታበቅላለች። እሱ ባይኖር የደመና ደጅ ግድግዳ ሌላ ክረምት አይችልም ነበር።

ትርሲት የበሩን የቀኝ መቃን አየችው። ድንጋዩ ከላይ እስከ ታች ለጥ ያለ ነበር። እጇን በደረቷ ቁመት አሳረፈችበት።

«ምነው?» አለ ኑርልኝ።

«እዚህ ጋ ጎድጓዳ ነበር። መዳፍ የሚገባበት።»

ኑርልኝ የእጅ ሰሌዳውን አየ። «አለ። ‹የድንጋይ መጉደል፣ ምክንያቱ ያልታወቀ› ይላል። ሞልቶታል።»

«ሰው የተሳለመበት ነው፣ ኑርልኝ።»

ፈገግታው ጠፋ። «ድንጋይ እስኪጎድል?»

«እስኪጎድል።»

ስህተቱ ወዲያው ገባት። ዘር አሸዋው ዝናብን፣ ነፋስን፣ የዛፍ ሥርን፣ የሽኮኮን ሽንት ሳይቀር ያውቃል። ከንፈርና ግንባር አያውቅም። የተማረው በከተማ ነው፤ በከተማ ደግሞ ሰው ነክቶት የሚጎድል ነገር የለም። ሰውም እንደ ዝናብ ድንጋይ እንደሚያጎድል የነገረው አልነበረም። ለዛሬ የተያዙለት ደግሞ ደረጃው፣ የጉድጓዱ አፍና የደወል ድንጋዩ ነበሩ።

ኑርልኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቅርጹ እኮ አለኝ። ከመሙላቱ በፊት ለክቶታል። አባ ሳይደርሱ ያንኑ ጎድጓዳ መልሶ ይቆፍረዋል። ማንም አያውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ።»

«እርስዎን ማን ይጠይቃል?»

«አቁመው። የዛሬውን ሁሉ አቁም።»

አባ ክንፈ ገብርኤል በገመድ መኪናው ደረሱ። ነጠላቸውን ነፋሱ እየገፈፈው፣ መቋሚያቸውን እያስቀደሙ ወጡ። ትርሲት ወደ በሩ ሳይደርሱ ተቀበለቻቸው።

«ይፍቱኝ፣ አባ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። ፊትሽ ምነው? ቤቱ ተቃጠለ እንዴ?»

«አልተቃጠለም፣ አባ። ተጠገነ።»

ሁሉንም ነገረቻቸው። አባ ወደ መቃኑ ሄደው በመዳፋቸው ዳሰሱት። እጃቸው ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ታች ሄደ። የሚያርፍበት አጣ።

«ልጅ ሆኜ አልደርስበትም ነበር፤» አሉ። «እናቴ ከብብቴ ይዛ ታነሣኝ ነበር።» እጃቸውን ከድንጋዩ አነሡ። «ማን አዘዘው?»

«እኔ። ጉዳት የሆነውን ሁሉ ጠግን ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ።»

ኑርልኝን አላስቻለውም። «አባ፣ መልሰን እንቆፍረዋለን። ልዩነቱን እግዜር ብቻ ነው የሚያውቀው።»

«እሱ ካወቀማ ከማን ልትደብቀው ነው?»

ኑርልኝ አንገቱን ደፋ። አባ ግን ወደ ትርሲት ዞረው ነበር።

«ይህስ ሄደ። ደረጃውስ? ነገ አይሞላውም?»

«እንዲለይ ካላስተማርነው ይሞላዋል። ጨርሰን ብናቆመው ደግሞ ግድግዳው በክረምቱ ይወድቃል።»

«እንግዲያው አስተምሪው። በመጨረሻው መኪና እወርዳለሁ። እስከዚያ ከለየ ቁልፉ ያንቺ ነው። ካልለየ አብሮኝ ይወርዳል። ቤቱ ቢወድቅም የራሱን ሞት ይሙት እንጂ ሌላ ቤት አይሁን።»

ማስተማር ናሙና ይፈልጋል። ዘር አሸዋው የጉዳትን ምክንያት የሚማረው ንጣፉን በስሱ እየላጠ ነው፤ ያነበበው ነገር ቅርጹ አይተርፍም። በዚያ ላይ ያጎደለው ሰው መታወቅ አለበት፦ ማን ነበር፣ ምን ያህል ይከብድ ነበር፣ እንዴት ይሄድ ነበር። የገዳሙን ደረጃ ማን እንደረገጠው የሚያውቅ የለም፤ ቢታወቅም ሊጠብቁት ቃል የገቡትን ሊልጡት አይችሉም።

ኑርልኝ ለናሙና ብሎ ፒንሳውን አወጣ። እጀታው ከፋብሪካ እንደወጣ ነበር።

«ሥራ የሚጠላ እጅ ነው ያለህ፤» አሉ አባ።

«ራሱን ያድሳል እኮ፣ አባ! የእርስዎ መቋሚያስ?»

«እሱም ያው ነው። አምና ልጆቹ ከዕቃ ማተሚያ አውጥተው ሰጡኝ። ቢጥሉት አይሰበር፣ ቢይዙት አይሞቅ።»

ትርሲት ደረጃው ላይ ተቀመጠችና የግራ ጫማዋን ማሰሪያ መፍታት ጀመረች።

«እትዬ፣ ይተዉት፤» አለ ኑርልኝ። «ከተማ ልደውል። ሌላ ነገር አይጠፋም።»

«ከተማ ውስጥ ምን አለ?»

ኑርልኝ ጫማውን ተቀብሏት በሁለት እጁ ይዞ የንባብ ገበታው ላይ አኖረው። ገበታው ጠፍጣፋ ሳህን ነው፤ ዘር አሸዋው እሱ ላይ እንደ አመድ ተኝቶ ነበር። አሸዋው ቀስ ብሎ ወደ ተረከዙ ወጣ። ከሰሌዳው ድምፅ መጣ፦

«የተረከዙ የውጪ ጠርዝ ጎድሏል። ምክንያቱ ያልታወቀ። ይጠገን?»

«አይጠገን። ተማር።»

«ያጎደለው ማን ነው?»

«ባለቤቴ ነው። አንዳርጌ።»

«ክብደቱ?»

ነገረችው።

«ስንት ዓመት ተጫማው?»

«አሥራ አንድ።»

«ተረከዙ እኩል አላለቀም። ወደ ውጪ ያዘነበለው ለምንድን ነው?»

«በወጣትነቱ የግራ ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮ ነበር፤ የቀኙን ጫማ እኩል ነው የጨረሰው። ሲራመድ በውጪው በኩል ይረግጣል።» ቀጥላም ጨመረች፤ «ዳገት ላይ ይብስበታል። ከኋላው ስሄድ ድምፁን ሰምቼ ደክሞት እንደሆነ አውቅ ነበር።»

«አሁንም ይጫማዋል?»

አባ መሬት መሬቱን አዩ።

«አይ፤» አለች።

«ንባቡ ንጣፉን ያጠፋዋል። ይቀጥል?»

«ይቀጥል።»

ድምፁ ስስ ነበር፤ ብራና በዝግታ ሲፋቅ የሚሰማውን ይመስላል። ትርሲት በካልሲ እግሯ ቀዝቃዛው ድንጋይ ላይ ቆማ እስከ መጨረሻው አየች። ዓይኗን አላነሳችም። ሲያበቃ ሰሌዳው እንደገና ጠየቀ፦

«አዲስ ምክንያት ተለይቷል። ምን ተብሎ ይመዝገብ?»

አንድ ስም አፏ ላይ ደረሰ። ዋጠችው።

«ሰው በለው።»

ኑርልኝ የግቢውን ካርታ ከፈተ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ለጥገና የተያዘው ጉዳት ሁሉ ግራጫ ነበር። አሁን ሰው ያጎደለው ሁሉ ከበሩ ጀምሮ አንድ በአንድ መቅላት ያዘ። ደረጃው ቀላ። ገመድ የሸረሸረው የጉድጓዱ አፍ ቀላ። የወፍጮው ድንጋይ፣ በጠጠር ሲመታ የኖረው የደወል ድንጋይ፣ በየጎጆው ወለል ላይ ሁለት ሁለት የጉልበት ሥፍራ። ከዝናቡና ከነፋሱ ይልቅ ሰው በዛ። ቅላቱ ከግቢው ወጥቶ በገደሉ ጫፍ ቁልቁል ወረደ፤ ትርሲት ውኃ የቦረቦረው መስሏት በተፈጥሮው ክፍል ያስገባችው ቦይ ሰው የሄደበት መንገድ ነበር።

«ነገ ሥራው ቢያልቅ ኖሮ ማንም ኖሮበት የማያውቅ ቤት ነበር የምናስረክበው፤» አለች።

ኑርልኝ ፒንሳውን በእጁ ያገላብጥ ነበር። «የእኔን ቤት ቢያነበው አንዲት ቀይ ነጥብ አያገኝም። ሠላሳ ዓመት ኖሬበታለሁ።»

በዚህ አልሳቁም።

ትርሲት የሙዚየሙን ንድፍ አወጣችና የተፈጥሮውን አዳራሽ ከታሪኩ አዳራሽ የሚለየውን ግድግዳ ሰረዘችው። ከመቃኑ አጠገብ የሚቆመውን ጽሑፍ እዚያው ቆማ ጻፈች፦ «እዚህ ላይ ምዕመናን በመሳለም ያጎደጎዱት ሥፍራ ነበር። በእኛ ስህተት ተደፍኗል።» አባ አነበቡት።

«ስምሽን አልጻፍሽም።»

«‹በእኛ› ይበቃል፣ አባ።»

ቁልፉን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው መዳፏ ላይ አኖሩላት። ከዚያ ወደ ለጥ ያለው መቃን ሄዱ፣ ጎንበስ አሉ፣ ተሳለሙት። ወደ መኪናው ሲወርዱ ወደ ኋላ አልዞሩም።

ትርሲት ጫማውን አጥልቃ ማሰሪያውን አዙራ አሰረች። ነገ ደረጃውን ሳይነካ ከግድግዳው ሥር የሚጀምር ሥራ አለ፤ ኑርልኝን በጠዋት እንዲመጣ ነገረችው። ወደ ማደሪያዋ ዳገቱን ወጣች። ሁለቱም ተረከዞች እኩል ይረግጡ ነበር።

የቀኙ ጫማ እንደነበረ ነው። በግራው ተረከዝ ላይ ወደ ውጪ ያዘነበለው ጠርዝ የለም።