በዳቦ የወጣችው ኩሽኔታ

ጠዋት እነሳለሁ። ሰግጄ ሻይ አፈላለሁ። አንድ ብርጭቆ ጠጥቼ፣ ብርጭቆውን አጥቤ እደፋዋለሁ። ከአራተኛ ፎቅ በደረጃ ወርጄ፣ ከብሎካችን ጀርባ የቆመውን የአሮጌውን ፊያት ሸራ እገፍፋለሁ። ሸራውን አጥፌ ከኋላ አስቀምጣለሁ። ፍሪሲዮኑን ረግጬ ቁልፉን አዞራለሁ። ሞተሩ እስኪሞቅ ጠብቄ ከልደታ ወደ ሜክሲኮ እነዳለሁ፤ እዚያ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ።

ባለፈው ሳምንትም እንዲሁ ነበር። ባለቤቴ ሙከሚል ከሞተ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል። ጠዋቱ ግን ያው ነው።

መኪናው የአባቴ ነበር። አባቴ በከር፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ልብስ ሰፊ ነበር። የሌላ ሰው ሥራ ሲያሳዩት መጀመሪያ ኮቱን ይገለብጠዋል። ፊቱን ሳይሆን ገበሩን አይቶ ነው የሚፈርደው። ሰው የማያየውን ቦታ ያሳመረ፣ እሱ ሰፊ ነው ይል ነበር። ፊያቱን የገዛው በወጣትነቱ ነው። ዓይኑ ሲደክም ቁልፉን ለእኔ ሰጠኝ።

ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ፣ መንገዱ ወደ ልደታ ከፍ የሚልበት ቦታ ላይ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አልሄድ አለኝ። ነዳጅ በረገጥኩ ቁጥር የተቃጠለ ነገር ይሸተኛል። ከኋላዬ ያሉት ታክሲዎች ጡሩምባ ይነፋሉ። አንድ ረጅም ወጣት፣ እጁ እስከ ክርኑ ዘይት የነካው፣ መስኮቴ አጠገብ ጎንበስ አለ።

«እህቴ፣ ብትረግጪውም አይሰማሽም። ፍሪሲዮኑ አልቋል።»

«በምን አወቅህ?»

«በአፍንጫዬ። ሠፈሩ በሙሉ ነው ያወቀው።» መኪናውን ከፊት እስከ ኋላ ተመለከተው። «ይህን መኪና ሲያልፍ ብዙ ጊዜ አየዋለሁ። ውስጡ ባለኮፍያ ሽማግሌ ነበር የጠበቅኩት።»

«ቤት ነው ያሉት። ላስጠራልህ?»

«ኧረ ይረፉ። በአንቺም እንሞክራለን።»

ጓደኛውን ደገፋን ጠርቶ ገፉልኝ። ጋራዣቸው ከመንገዱ ገባ ብሎ፣ ከቆርቆሮ አጥር ጀርባ ነበር። ዛሬ ቦታው ላይ ፎቅ ቆሟል።

ሥራው ሦስት ቀን ፈጀ። ሦስቱንም ቀን ከሥራ ስወጣ በዚያ በኩል ሄድኩ። መኪናዬን ለማየት ነው አልኩ፤ ማንም አልጠየቀኝም። ሙከሚል ከመኪናው ሥር ተኝቶ ያዋራኛል፤ የማየው ጫማውን ብቻ ነው። ስታቲስቲክስ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ጥቂቱን አይቶ ስለ ቀረው መገመት ነው አልኩት። የእሱም ሥራ ያው እንደሆነ፣ ብቻ እሱ በጆሮው እንደሚገምት ነገረኝ። ከመኪናው ሥር ሲወጣ ዓይናችን ይገናኛል።

መኪናው ተሠርቶ ወጣ። በሁለተኛው ሳምንት ግን ፍሪሲዮኑን ስረግጥ ሲጥ የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ። እግሬን ሳነሳ ይጠፋል። ተመልሼ ሄድኩ።

ሙከሚል ጎኔ ተቀምጦ አስረገጠኝ። አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ። ከዚያ ምን እንደሆነች አስረዳኝ። ከሞተሩ ጀርባ፣ መሐል ላይ፣ ቀለበት የምትመስል ትንሽ ኩሽኔታ አለች። ከማርሹ ሳጥን፣ ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግ ጫፉን እሷ ላይ ያሳርፋል። ዋጋዋ ይህን ያህል አይደለም። ግን እሷን ለመቀየር ካምቢዮው በሙሉ መውረድ አለበት፤ ስለዚህ ፍሪሲዮን የሚቀይር መካኒክ እሷንም አብሮ ይቀይራል።

«ታዲያ ያኔ ወርዶ ሳለ ለምን አልቀየርካትም?»

ንጹሑን መፍቻ በጨርቅ ይወለውላል።

«እንደምትጮህ አውቅ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ከጮኸች ትመለሻለሽ ብዬ ነው።»

መቆጣት ነበረብኝ። አልተቆጣሁም። ወደ መስኮቱ ዞርኩ፤ ፊቴን እንዳያይ።

ወዲያው ሊቀይራት ፈልጎ ነበር፤ እኔ ነኝ ቆይ ያልኩት። መኪናው ካልተበላሸ ወደዚያ የምሄድበት ምክንያት አልነበረኝም። አራት ወር ከነድምፁ ነዳሁት። አባቴ ከቤት ብዙ ስለማይወጣ አልሰማም። ሙከሚል ሽማግሌ ሊልክ እንዳሰበ ሲነግረኝ፣ ስለ ኩሽኔታዋ ትንፍሽ እንዳይል አስጠነቀቅኩት። ከተጠየቀም በዕድሜዋ አለቀች ማለት ይበቃል አልኩ። የተማርኩት እኔ ስለሆንኩ የማውቅ መስሎኝ ነበር።

ግን አባቴ ቱታ ሰፋለት።

ስለ መኪናው ላመሰግነው ብሎ ነው። በአንድ ቅዳሜ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዞ፣ ውሰጂኝ አለኝ። በዚያ ጠዋት በእግር ሄድን። ቱታው ጥቁር ሰማያዊ፣ ከወፍራም ጨርቅ፣ ኪሶቹ በድርብ ስፌት የተሰፉ ነበሩ። ሙከሚል ተቀብሎ ዘረጋው። ስፌቱን በጣቱ ሲነካው አየሁት፤ በዓይኔ ለመንኩት።

«ጋሼ በከር፣ ይህን ልለብሰው አልችልም።»

«ጠበበህ እንዴ?»

«አልለካሁትም።» ከዚያ ሁሉንም ነገረው። አውቆ እንደተዋት፣ ለምን እንደተዋት፣ መኪናው እስከዚያች ቀን እየጮኸ እንደሚሄድ። እኔ ዝም በል እንዳልኩት ግን አልተናገረም።

አባቴ አንድ ጊዜ አየኝ። ቱታውን ከሙከሚል እጅ ወሰደ፤ በነበረበት መስመር አጥፎ በጋዜጣው ጠቀለለው።

«ገበሩን ሰርቀሃል» አለ።

ከወር በኋላ ሽማግሌዎች መጡ። አባቴ በአክብሮት ተቀበላቸው፣ ሻይ አጠጣቸው፣ መለሳቸው። መኪናዬን በላይ አሳምሮ በውስጥ የተወ ሰው ልጄን እንዴት አድርጎ ይይዛል አላቸው። እናቴ ሺፋ ለመነችው፤ አልሰማም።

የተናደድኩት በአባቴ ሳይሆን በሙከሚል ነበር። በስልክ፣ «ዝም ብትል ኖሮ አሁን ተጋብተን ነበር» አልኩት።

«ተጋብተን ነበር» አለ። «የሰፉልኝን ለብሼ ግን ዓይናቸውን እንዴት አያለሁ?»

ሰባት ወር አልተያየንም። እኔ ወደ ሥራ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። ኩሽኔታዋ ትጮኻለች። ሌላ ጋራዥ አልወሰድኳትም።

አንድ ቀን አባቴን ሐኪም ቤት አድርሼ ስመልሰው፣ መብራት ላይ ቆመን ፍሪሲዮኑን ረገጥኩ። አዳመጠ። አረንጓዴ ሲበራ፣ «ወደ ልጁ ውሰጂኝ» አለ።

«የትኛው ልጅ?»

«አትቀልጂብኝ። የተወው ይጨርሰው።»

ሙከሚል ሲያየን ከተቀመጠበት ተነሣ። አባቴ ሰላምታውን መለሰ፣ የተደራረበ ጎማ ላይ ተቀመጠ፣ ከዘራውን በጉልበቶቹ መሐል አቆመ። ከሰዓት በፊት ካምቢዮው ወረደ፤ ፍሪሲዮኑ ተፈታ። ኩሽኔታዋ በጉድጓዷ ውስጥ ታየች። የምትታየው ፊቷ ብቻ ነው፤ ይዞ ለመሳብ ከኋላዋ እጅም መሣሪያም አይገባም።

ሙከሚል ከምሳ ዕቃው ግማሽ ዳቦ አወጣ። በውሃ አርሶ ማሸት ሲጀምር አባቴ ከዘራውን መሬት ላይ መታ።

«እህል ነው እኮ።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ። ግራሶ በጎን ይሾልካል፤ ዳቦ ግን አይሾልክም።»

ዳቦውን ሳመው፣ ግንባሩን አስነካው። ከዚያ በኩሽኔታዋ ቀዳዳ ጠቅጥቆ፣ በልኳ የተቆረጠ ብረት አስገብቶ በመዶሻ መታው። ጨመረበት፤ መታው። ዳቦው ከኋላዋ እየሞላ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ውጭ ገፋት። በመጨረሻ መዳፉ ላይ ወደቀች። ለአባቴ ሰጠው፤ አባቴ አዙሮ አዙሮ አያት።

አዲሷ ከመግባቷ በፊት ጉድጓዱ መጽዳት ነበረበት። ሙከሚል የቀረውን ዳቦ በጣቱ ጠርጎ አወጣ። ዘይት የጠጣ፣ የጠቆረ ነበር። መሬት አልጣለውም። አንዲት ፍርፋሪ ሳያስቀር ወረቀት ላይ ሰበሰበ፤ አጥሩ ላይ፣ እግር የማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ላይ አኖረው። ማንም እንዲያይለት አላደረገውም። ጀርባውን ሰጥቶን ነበር።

አባቴ ግን አየ።

መኪናው በዚያው ማታ ተሠርቶ ወደ ቤት ገባን። በማግስቱ ጠዋት በጋዜጣ የተጠቀለለውን ይዞ መኪናው ውስጥ ገባ። ጋራዡ ስንደርስ ለሙከሚል ሰጠው።

«ገልብጠህ እየው» አለው።

ሙከሚል ገለበጠው። ሁለቱ እጅጌዎች ተፈትተው በሦስት ጣት ያህል ረዝመው እንደገና ተሰፍተዋል። ክሩ አዲስ አልነበረም። አባቴ በእነዚያ ሰባት ወራት፣ መቼ እንደሆነ አላውቅም፣ የልጁ ክንድ ረጅም መሆኑን አስታውሶ አስተካክሎታል።

«አሁን ሽማግሌዎችህን ላክ» አለ አባቴ።

ኒካሁ በሁለት ወር ውስጥ ሆነ። ስምንት ዓመት አብረን ኖርን። አባቴ በአራተኛው ዓመት አረፈ፤ መኪናውን ለሁለታችን ተወልን። ሙከሚል እሑድ እሑድ ከጎኔ ይቀመጥና፣ «እስቲ ርገጪ» ይላል። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። «ልቀቂ። እንደገና።» አንድም ቀን ድምፅ አልነበረም። እሱም ያውቀው ነበር፤ ግን አንድም እሑድ አላለፈውም። ስለ ምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት፣ ሥራ ላይ እያለ ልቡ ቆመ። የደወለልኝ ደገፋ ነው። ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ሰሌዳውን አጥፍቼ ወጣሁ።

ባለፈው ወር ፍሪሲዮኑ እንደገና አለቀ። ደገፋ አሁን ወዳለበት፣ ወደ ሰንጋ ተራ ወሰድኩት። ቦርሳዬ ውስጥ ዳቦ ይዤ ነበር። ደገፋ አይቶ፣ «ሸምሲያ፣ አሁን እኮ በማውጫ ነው የምናወጣት» አለኝ፤ መሣሪያውን አሳየኝ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ኩሽኔታዋን በጨርቅ ጠርጎ ሰጠኝ። አባቴ የልብስ ቁልፎቹን ያኖርበት በነበረው ቆርቆሮ ውስጥ፣ በዳቦ ከወጣችው ከፊተኛዋ ጎን አስቀመጥኳት። ዳቦውን ቤት ወስጄ በሻይ በላሁት።

መኪናው ደህና ነው። ማርሽ በቀላሉ ይገባል፤ ስረግጥም ስለቅም ድምፅ የለውም። ዛሬ እሑድ ነው። ወርጄ ሸራውን ገፈፍኩ፣ ሞተሩን አስነሣሁ፣ ረገጥኩ፣ ለቀቅኩ፣ እንደገና ረገጥኩ። በቀኜ ያለው ወንበር ላይ የሚያዳምጥ ሰው የለም።