የጉንፋኑ ሳምንት

ሰው ብቸኝነት ሲለምድ ጉድ ነው፤ ከባክቴሪያ ጋር ያወራል። የላቦራቶሪ መርማሪዋም ጠዋት የሥራ ክፍሏን በር ከፍታ ስትገባ መጀመሪያ የምታናግረው በማሞቂያ ሣጥኑ ውስጥ ያደሩትን፣ ባክቴሪያ የሚበቅልባቸውን ትንንሽ ሳህኖች ነበር። «እንዴት አደራችሁ? ተባዛችሁ?» ትላቸዋለች። የሰፈሯ ሰው «ጀርሚቱ» የሚል ስም አውጥቶላት፣ ከእጇ ውሃ መቀበል እንኳ ይፈራል። ከሥራ ስትመለስ የሚጠብቃት አንድ ክፍል ቤትና አንድ ወንበር ነው።

ያልፈራት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ከየጤና ጣቢያው ናሙና ሰብስቦ የሚያመጣው ሹፌር። ያመጣውን አስረክቦ እንደመሄድ፣ በሩን ተደግፎ ይቀራል።

«እስቲ ንገሪኝ፣ ባክቴሪያና ቫይረስ ልዩነታቸው ምንድን ነው?»

«ባክቴሪያ ራሱን የቻለ ነው። ምግብ ካገኘ ይበላል፣ ያድጋል፣ ለሁለት ይከፈላል። ብዙዎቹ ደግሞ አይጎዱንም። ቫይረስ ግን ሕያው ሴል ውስጥ ካልገባ መባዛት አይችልም።»

«ምስኪን! እንደኔ ነዋ!»

«ሂድ ወደዚያ!» ብላ ሳቀች። ሲሄድ ግን የመኪናው ድምፅ እስኪጠፋ በመስኮት አየችው። ወዳዋለች፤ ምን ይደበቃል? እሱም እናቱ ዘንድ ወስዶ ሊያስተዋውቃት ቀን ቆርጦ ነበር።

ምን ያደርጋል፣ ቀኑ ሳይደርስ ታመመ። ትኩሳት፣ ሳል፣ የጉሮሮ ሕመም። ሐኪሙ ከጉሮሮው ናሙና አስወስዶ ወደ እሷ ላከ። በማግሥቱ እናትየው ውጤት ሊሰሙ መጡ።

«ልጄ ስሟን የሚያነሳት አንቺ ነሽ?» አሏት ከላይ እስከ ታች እያዩ።

«አዎ፣ እማማ። ደስ ይበልዎት፤ ከማንኛውም ጤነኛ ሰው ጉሮሮ ከማይጠፉት ባክቴሪያዎች በቀር ሌላ አልበቀለም። የቫይረስ ጉንፋን ነው። አንቲባዮቲክ ደግሞ ቫይረስን አይነካውም። ፈሳሽ ይጠጣ፣ ይረፍ፤ ሰውነቱ ራሱ ያሸንፈዋል።»

«ልጄ እንደ እሳት እየነደደ ይረፍ ትይኛለሽ?»

ተቆጥተው ወጡ። ከመድኃኒት ቤት የአንቲባዮቲክ ክኒን ገዝተው አስዋጡት። ጥቂት ቀን ቆይቶ ትኩሳቱ ለቀቀው። ያለ ክኒኑም ይለቀው ነበር፤ ግን ይህን ለእናት ማን ያስረዳል? «ለእሷ ቢተው ኖሮ ልጄን እቀብረው ነበር!» እያሉ ለጎረቤቱ ሁሉ አወሩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእሷ እውነት እያደር ደፈረሰ።

ሹፌሩ ገና እየሳለ መጣ። እንደ ወትሮው በሩን አልተደገፈም።

«እናቴ ‹እሷን ካገባህ እናትህ አይደለሁም› ብላለች። ‹ተሳስቼ ነው፣ ያዳነው ክኒኑ ነው› በያት። አንድ ቃል ነው፤ ያልቃል።»

«አልተሳሳትኩም እኮ።»

«እኔ መች አጣሁት? ለኔ ስትይ ዋሺ።»

እሺ ማለት እንዴት አማራት! ቃሉ ከንፈሯ ላይ ደርሶ ነበር።

«የተረፈውን ክኒን እናትህ ምን አደረጉት?» አለች በመጨረሻ።

«የእህቴን ልጅ ጉንፋን ይዟት… ለእሷ ሰጠቻት።»

«አየህ? ባለላቦራቶሪዋም መሰከረች ብለው ለሰፈሩ ሁሉ ያድላሉ። በከንቱ በተዋጠ ቁጥር ክኒኑን የሚቋቋሙት ባክቴሪያዎች ተርፈው ይራባሉ። ያቺ ሕፃን የእውነት የታመመች ቀን መድኃኒቱ እምቢ ቢላትስ?»

«እኔስ? እኔን አታስቢኝም?»

«ከአንተ ሌላ ምን አስባለሁ?» እንባዋ ቀደማት። «ግን አልችልም።»

ያለ ጓንት ምንም የማትነካው ሴት ጓንቷን አውልቃ ፊቱን በሁለት እጇ ያዘች። ግንባር ለግንባር ተነካክተው ቆዩ። ሳሉ ሲመጣበት ፊቱን አዞረና በዚያው ወጣ። ከዚያ ወዲህ ናሙናውን ሌላ ሹፌር ያመጣ ጀመር።

ብዙም ሳይቆይ ጉሮሮዋን ከረከራት፤ ትኩሳት ተከተለ። ከማን እንደያዛት ለማወቅ ማይክሮስኮፕ አላስፈለጋትም። ብርድ ልብስ ተከናንባ ተኛች። «ምን ላምጣልሽ?» የሚላት ሰው የለም፤ ቤቱ ጭር ብሏል። ከእሱ የመጣው ያ ዓይን የማያየው ነገር ሴሎቿ ውስጥ ገብቶ ሲባዛ ታሰባት። ብታምኑም ባታምኑም ደስ አላት። ከእሱ የቀራት ይኸው ብቻ ነበርና።

ሰውነቷ ግን አላማከራትም፤ ሥራውን ያውቃል። ትኩሳቱ በረደ፣ ሳሉም ለቀቃት። አንድ ጠዋት ስትነሳ ምንም አላመማትም። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።