ዓይኔና ሰባቱ ከዋክብት

ልጆች፣ ዛሬ ስለ አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ልንገራችሁ። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው። አያቷ ግን «ዓይኔ» ይሏታል፤ ከእሳቸው ሰምቶ ሰፈሩም ሁሉ ዓይኔ ነው የሚላት። ቤታቸው ፎቅ ላይ ነው። ከታች ጎማ መጠገኛ አለ፤ ከላይ ደግሞ ልብስ የሚሰጣበት ሰፊ ሰገነት።

አያቷን እንደ እሷ አባባ እንበላቸው። አባባ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። እንቅልፍ ሲመጣባቸው መኪናቸውን ዳር አቁመው ይወርዱና ሰማዩን ያዩ ነበር። ከዋክብቱን እንደ ጎረቤት ነው የሚያውቋቸው። አሁን ግን ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ፊታቸው የቆመውን ሰው እንኳ በድምፁ ነው የሚለዩት። ጉልበታቸውም ደረጃ አይወድም። ሐኪሙ ዓይናቸውን ሊያክም ቀጠሮ ሰጥቷቸዋል፤ ቀጠሮው ግን ሩቅ ነው።

መጸው ደግሞ ገባ። ዝናቡ አብቅቶ ሰማዩ የሚጠራበት ጊዜ ነው። አባባ ከዓመት ዓመት የሚናፍቁት ይህንን ነው።

«ዓይኔ» አሏት፣ «ዘንድሮ አንቺ እያየሽ ንገሪኝ። ሲመሽ ሰገነቱ ላይ ውጪና መጀመሪያ ከራስሽ በላይ እዪ። አራት ከዋክብት ትልቅ መስኮት ሠርተው ታገኛለሽ። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዙሪ። ብርድ እንደያዛቸው ልጆች ተቃቅፈው የሚወጡ አሉ። ሰባቱ ከዋክብት ይባላሉ። አንቺ ካየሽልኝ እኔም አየሁ ማለት ነው።»

«እሺ አባባ» አለች።

እሺ ማለትማ ቀላል ነው። ደረጃውን ስትጀምር ከጎረቤት ቤት የምትወደው ካርቱን ሲጀምር ሰማች። ቆም አለች። «ትንሽ አይቼ እወጣለሁ» ብላ ገባች። ትንሽ የተባለው እስኪያልቅ ሆነ። ከዚያ ከሰገነት የወረደች ለመምሰል እያለከለከች ወደ አባባ ሮጠች።

«መስኮቱን አየሽው?»

«አየሁት አባባ።»

«ሰባቱስ?»

ዓይኗን በጨው ታጥባ «ሰባቱም አሉ፤ ቆጠርኳቸው» አለች።

«ሰባቱንም! እሰይ የኔ ልጅ፣ ዓይንሽ የንስር ነው» አሉ አባባ፣ ፊታቸው በርቶ። በማግስቱም እንደዚያው። በሦስተኛውም። እናንተ ከኋላ ያላችሁ አትሳቁ፤ «የቤት ሥራ ሠራችሁ ወይ?» ስትባሉ የምትመልሱትን እኔ አላውቅም መሰላችሁ?

አንድ ምሽት የአባባ የድሮ ጓደኛ መጡ። መካኒክ ናቸው። ኪሳቸው ብሎን አጥቶ ስለማያውቅ ሰው ሁሉ ጋሽ ብሎን ይላቸዋል። አባባ በልጅ ልጃቸው ይኩራሩ ጀመር።

«ሰባቱንም ትቆጥርልኛለች። ዓይኔ፣ ዛሬስ ሰማዩ እንዴት ነው?»

«ጥርት ብሏል አባባ» አለች፣ በመስኮት እንኳ ሳታይ።

«እንግዲያ ዛሬ እኔም እወጣለሁ። ባላይም ከበታቻቸው ልቁም። ብሎን፣ ደግፈኝ።»

ጉልበታቸውን እያሻሹ፣ እያረፉ፣ እንደምንም ወጡ። ዓይኔ ከኋላ ተከተለች። ሰገነቱ ላይ ስትደርስ ቀና ብትል ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ደመና ነው። አንዲት ኮከብ የለችም። አባባ ግን ከዘራቸውን ወደ ምሥራቅ ዘርግተዋል።

«ያውልህ! ታዩህ?»

ጋሽ ብሎን ደመናውን አዩ፣ ዓይኔን አዩ። ጓደኛቸውን ማሳፈር አልፈለጉም። «እ... የኔም ዓይን ደከመ መሰለኝ» አሉ።

«ያንተም?» አባባ ከዘራቸውን አውርደው የጓደኛቸውን ክንድ ያዙ። በጣም ደነገጡ። «አይዞህ ወንድሜ። ሐኪሙ ዘንድ አብረን እንሄዳለን።»

ይሄኔ ዓይኔ አልቻለችም። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«አባባ፣ የጋሼ ዓይን ደህና ነው። ሰማዩ ደመና ነው። እኔ ነኝ የዋሸሁት።»

«ዛሬ?»

«ሁልጊዜ። አንድ ቀንም ወጥቼ አላየሁም።»

አባባ አልተቆጡም። «እኔ እኮ ስተኛ እነሱን እያሰብኩ ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ» አሉ። ከአለንጋ ይልቅ ይህች ቃል አመመቻት። ማታ ተንበርክካ እግዚአብሔርን ይቅር በለኝ አለች፤ አለቀሰችም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ? በማግስቱ ደመናው ተገፈፈ። ካርቱኑ ጀመረ፤ ዓይኔ በሩን አልፋ ሄደች። ሰገነቱ ላይ ወጥታ ቀና ስትል አፏን ከፍታ ቀረች። ለካ ይህ ሁሉ ከራሷ በላይ ነበር! አራቱ ከዋክብት እውነትም መስኮት ሠርተዋል፤ ትልቅነቱ ቤታቸውን በሙሉ ያስገባል። ወደ ምሥራቅ ዞረች። ከውሃ ታንከሩ በላይ ጥቃቅኖቹ ተቃቅፈው ወጥተዋል። እንዴት ያምራሉ፣ ልጆች! ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች። አንድ ጎደለባት። «ሰባት ብል ማን ያውቃል?» የሚል ሐሳብ መጣባት። ሐሳቡን እዚያው ሰገነቱ ላይ ጥላው ወረደች።

«አባባ፣ መስኮቱን አየሁት። ሰባቱ ግን... ይቅርታ፣ ስድስት ናቸው። ደጋግሜ ቆጠርኩ፣ ሰባተኛው የለም።»

 የአባባ እንባ በጉንጫቸው ወረደ።

«ስማቸው ሰባት ነው እንጂ ብዙ ሰው በዓይኑ የሚያየው ስድስት ነው። እኔም ዕድሜ ልኬን ያየሁት ስድስት ነው። ሰባት ስትይኝ ከእኔ ትበልጣለች ብዬ ኮራሁ። ዛሬ ግን እውነትም አየሽልኝ። ነይ አጠገቤ፤ አንድ በአንድ ንገሪኝ።»

ዓይኔ ተጠግታ ነገረቻቸው። አባባም ዓይናቸውን ጨፍነው አዩ።

ዛሬ ማታ ሰማዩ ከጠራ እናንተም ቀና በሉ። ስንት እንዳያችሁ ስትነግሩኝ ግን ይህን አስታውሱ፦ ልጆች፣ ያላያችሁትን አየን አትበሉ፤ ከሐሰት ሰባት የእውነት ስድስት ይበልጣል።