ጓንግ ውስጥ የተተከለው በትር

«ሁለተኛው ጭረት ላይ ነው! ጫኑ፣ እንሻገራለን!» አለ ሰው ጓንግን ወንዝ የሚያሻግረው አዛናው።

ልጁ የሻረግ ደነገጠች። ውሃው ሁለተኛው ጭረት ላይ አልነበረም፤ ይህን የምታውቀው ደግሞ እሷ ብቻ ነበረች።

ጭረቶቹ ያሉበት በትር የረቢዓ ነው። ረቢዓ የጨው ነጋዴው የኸሊፋ ልጅ ናት፤ ክረምቱ መንገድ ዘግቶባቸው አባትና ልጅ እነየሻረግ ቤት ካረፉ ወር አልፏቸዋል። ያደገችው ሱዳን ውስጥ፣ ዓባይ ዳር፣ ጀልባ መሀል ነው። በመጣች በሳምንቷ፣ «ጋሼ አዛናው፣ መሻገሪያዎ ያለቦታው ነው» አለች። «ውሃው የተኛበት ቦታ ደለሉም ይተኛል፤ በየጎርፉ ደለል ሲዝቁ ሊኖሩ ነው? ከዚያ ትልቅ ድንጋይ ሥር ያድርጉት። ድንጋዩ ጅረቱን ይገታልዎታል፣ ታቹም ውሃው ስለሚጠርገው ጥልቅ ነው።» የአሥራ አራት ዓመት ልጅ እኮ ናት!

አዛናው ሳቀ፤ ግን ሰማት። የማሰሪያውን ካስማ ነቅሎ ድንጋዩ ሥር ተከለ፤ በተነፉ ስልቻዎች ላይ እንጨት አስሮ የሠራትን መሻገሪያ ታንኳም እዚያ አሰራት። እውነትም ደለል የለ፣ መወዛወዝ የለ። «እንግዲህ እኛም ወደብ አለን፤ ምጽዋ ትቅና!» እያለ ላገኘው ሁሉ ያወራ ጀመር። ቀጥሎ ረቢዓ ሦስት ጭረት ያለበት በትር ውሃው ውስጥ ተከለች። ውሃው ሦስተኛውን ከነካ መሻገር የለም።

የሻረግን ያንገበገባት ይህ በትር ነው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ አባቷ ገመድ ከመፍታቱ በፊት፣ «የሻረግ፣ ውሃው ምን ይላል?» ይላት ነበር። እሷም አረፋውን፣ ጎርፉ የሚያመጣውን ግንድ አይታ ትነግረዋለች። አሁን ማን ይጠይቃታል? የአባቷ ዓይን በትሩ ላይ፣ ምርቃቱ ለረቢዓ! «የራሷ አባት የላትም እንዴ?» ትላለች በሆዷ። ቅናቱ እንቅልፍ ነሳት።

ዛሬ ጧት ሰው ሳይነሳ ወርዳ በትሩን ነቀለችና ሁለት ክንድ ያህል ወደ ዳሩ አስጠግታ፣ መሬቱ ከፍ ብሎ ውሃው የሚያንስበት ላይ ተከለችው። በትሩ ሲዋሽ፣ አባቷም «ይቺ ልጅ ምን ታውቃለች!» ሲል ታያት። በዚህ ጎርፍ የሚሻገር ይመጣል ብላ አልጠበቀችም።

መጡ እንጂ። አሰበች የምትባል ሴት ሕፃን አዝላ፣ ጭኑን በጥይት የተመታ ባሏን በበቅሎ ጭና ደረሰች። ጣሊያን ከገባ ሦስተኛ ክረምቱ ነው። «ትናንት መንደራችንን አቃጠሉት፤ ዱካችንን ሳይከተሉ አይቀሩም» አለች። ከጓንግ ማዶ ወደ ሱዳን የሚያወጣ መንገድ አለ።

አዛናው ገመዱን ሊፈታ ጎንበስ ብሎ ቆም አለ። አንድ ሙሉ ዛፍ ከነሥሩ እየተንከባለለ አለፈ።

«ኧረ ይሄ ነገር እንዴት ነው? በትሩ ሁለት ይላል...» ዘወር አለ። «የሻረግ፣ ውሃው ምን ይላል?»

ስንት ሳምንት የናፈቀችው ጥያቄ! «አይሆንም» ብትል ይበቃ ነበር። ሰዎቹ ይተርፋሉ፣ በትሩ ይዋረዳል፣ እሷ ትከብራለች፤ ማንም ምንም አያውቅም። ረቢዓን አየቻት። ፊቷ አመድ መስሎ በትሩ ላይ አፍጥጣለች።

«ወላሂ፣ በደንብ ነው የተከልኩት» አለች ረቢዓ።

«አባዬ፣ ገመዱን እንዳይፈቱ» አለች የሻረግ። «ውሃው ከሦስተኛው አልፏል። በትሩን ጧት የነቀልኩት እኔ ነኝ። ቀንቼ ነው።»

አሰበች ሕፃኗን ከጀርባዋ አዙራ አቀፈችው። አዛናው ልጁን ትክ ብሎ አያት፤ ቢመታት ይሻላት ነበር።

«ጎርፉ ቶሎ ይጎድላል» አለች ረቢዓ ቀስ ብላ። «ግን በትሩ ቦታው ካልተመለሰ መቼ እንደጎደለ አናውቅም።»

የሻረግ በትሩን ነቀለች። ድንጋዩ ሥር ጅረቱ አይመታም፤ ውሃው ግን ደረቷን ያልፋል። ገመድ አንሥታ ወገቧ ላይ አሰረች። አዛናው ጫፉን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ። እሷ ግን አልፋው ሄዳ ለረቢዓ ሰጠቻት።

«አንቺ ያዥኝ» አለቻት።

ረቢዓ ገመዱን ካስማው ላይ ሁለት ጊዜ ጠመጠመችና እግሯን ድንጋይ ላይ አጸናች። የሻረግ በትሩን ይዛ ወደ ውሃው ገባች።