የፊተኛዋ ወንበር

ኬፊልዌ ከቦትስዋና ዋና ከተማ ከጋቦሮኔ እስከ አገር ቤቷ ማውን ያለውን ዘጠኝ መቶ ኪሎሜትር የምታውቀው ከኋላ ወንበር ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት በገና ዋዜማ አውቶቡስ አምልጧት መናኸሪያ ቆማ ሳለ፣ አክስት ጋቦዲሌ የሚባሉ አሮጊት ከትልቅ ነጭ መኪና መስኮት ብቅ ብለው «ነይ ግቢ ልጄ፣ ሰባት ሰው ትይዛለች» አሏት። መኪናዋ የወንድማቸው ልጅ የኦትሲሌ ነበረች።

ከዚያ ወዲህ በዓል በመጣ ቁጥር ወደ አገር ቤት አብራቸው ትሄዳለች። ታላቅ እያለ ታናሽ ፊት አይቀመጥምና፣ አክስት ጋቦዲሌ ፊት፣ እሷ ኋላ። ኦትሲሌን የምታየው በመስታወቱ ውስጥ ነው። ዓይናቸው ሲጋጭ እሱ ቶሎ ወደ መንገዱ ይመለሳል፤ እሷም ሜዳው ላይ ዝሆን የምትፈልግ ትመስላለች።

የሚያወሩት መንገዱ ላይ ባለው የከብት በሽታ መቆጣጠሪያ ኬላ ብቻ ነበር፤ በሽታው እንዳይዛመት ሁሉም ወርዶ በመድኃኒት የተነከረውን ምንጣፍ በጫማው ሲረግጥ። ባለፈው ፋሲካ እዚያ ጠየቀችው።

«ብቻህን እየኖርክ ይህን የሚያክል መኪና ምን ያደርግልሃል?»

ኦትሲሌ ዓይነ አፋር ነው። ምንጣፉን እየረገጠ ቆየ።

«ለቤተሰብ ነው የገዛኋት።»

«የታለ ቤተሰቡ?»

እሱ ወደ መኪናው ዞረ። ቀድመው የተመለሱት አክስቱ ከመኪናው ውስጥ «አትነዝንዢው፣ በቅርቡ ሽማግሌ እንልክለታለን» አሉ።

የኬፊልዌ ልብ ወደቀ። ወደ ማን ቤት ብላ ለመጠየቅ ድፍረት አጣች።

ለሐምሌው የፕሬዚዳንት ቀን በዓል «ሥራ አለብኝ» ብላቸው ከእነሱ ተለይታ ብቻዋን በአውቶቡስ ሄደች። ናፍቆቱ ግን አብሯት ተሳፈረ። ኬላው ላይ ወርዳ ምንጣፉን ስትረግጥ ዓይኗ አጠገቧ ሰው ፈለገ። ወዳው ነበር፤ ይህን የምትነግረው ሰው ግን አልነበራትም።

አገር ቤት በገባች በሦስተኛው ቀን ንጋት ላይ ከአባቷ ግቢ በር የሞተር ድምፅ ሰማች። ያን ድምፅ ከመቶ መኪና መሐል ትለየዋለች። በመጋረጃው ጥግ አጮለቀች። እንደ አገሩ የሽምግልና ሥርዓት ኮት የለበሱ ሽማግሌዎችና ብርድ ልብስ የደረቡ ሴቶች ወረዱ። መሪውን የያዙት የኦትሲሌ አጎት ናቸው፤ ሽማግሌ ሲላክ አግቢው አይመጣም። አጠገባቸው ያለው ወንበር ባዶ ነበር። አክስት ጋቦዲሌ ጉልበታቸውን ይዘው ከኋላ ወጡ።

«አለቅሁ» አሉ። «ይሄን ሁሉ መንገድ ከኋላ ተጣጥፌ መጣሁ። ‹ፊት ማንም እንዳይቀመጥ፣ ባለቤት አላት› ብሎ አስምሎ ላከን።»

ኬፊልዌ መጋረጃውን በሁለት እጇ ይዛ አለቀሰች።

ፀሐይ ስትወጣ አባቷ አስጠሯት። አንገቷን ደፍታ ተንበረከከች።

«እነዚህን ሰዎች ታውቂያቸዋለሽ?» አሉ። በሥርዓቱ «አውቃለሁ» ካለች እሺ ብላለች ማለት ነው።

«አውቃቸዋለሁ፣ አባባ። መኪናቸውንም አውቃታለሁ» አለች። ቀና ብላ አክስት ጋቦዲሌን አየቻቸው። «ያልተቀመጥኩት ፊት ብቻ ነው።»